ገብተው ይጫወቱ

በዚያ መንገድ ላይ ሰው የሚጠራው በሙያው ነው። እናት ያወጣችው ስም ለመዝገብ ቤት ይቀመጣል፤ ጎረቤት የሚያውቀው እጅ የሚሠራውን ነው። ይህንንም ሰው ሁሉም «ጠጋኙ» ይለዋል። ይጠግን የነበረው ራዲዮና ቴሌቪዥን ነው። «ነበር» ማለት የግድ ሆኗል፤ ሰው የተበላሸበትን ከማስጠገን ይልቅ አዲስ መግዛት ከለመደ ወዲህ፣ የጠጋኙ መበየጃ ብረት ከሚሞቅበት ቀን የሚቀዘቅዝበት በልጦ ነበርና።

ሙያው ሲሞትበት እሱ አብሮ አልሞተም። ባለቤቶቻቸው የረሷቸውን ቴሌቪዥኖች አንድ በአንድ አስነሣ፤ አሮጌ የጌም ማጫወቻዎችን ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ ነፍስ ዘራባቸው፤ ጌም ቤትም ከፈተ። ሚስቱ ወሬውን የሰማችው ከዳቦ ቤት ሥራዋ ስትመለስ ነው። ዱቄት የነካው እጇን ሳትታጠብ ወገቧን ይዛ ቆመችበት።

«እንግዲህ ሰው 'የባልሽ ሥራ ምንድነው?' ቢለኝ ምን ልበል?»

«ባለ ጌም ነው በያ።»

«ባለጌም ነው?» አለችና ሳቅ አፈናት። «እሱንማ ሳልነግራቸውም ያውቁታል!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠጋኙ ያንን ቃል በጥንቃቄ ለሁለት ይቆርጠዋል። «ባለ» ብሎ ትንፋሹን ይውጣል፤ ቀጥሎ «ጌም» ይላል። ቃል እንደ ሽቦ ነው፤ አለቦታው የተገናኘ እንደሆነ ያቃጥላል።

ጌም ቤቱ የነበረው በእትዬ ቤት ምድር ቤት ነው። እትዬ አከራዩ ናቸው፤ ፎቁ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ክፍሉ ባላቸው በሕይወት ሳሉ ልብስ ይሰፉበት የነበረ ነው፤ ኮት የሚሰቀልበት ሜንጦ እስከ ዛሬ ከጣሪያው አልወረደም፤ ጥጉ የተሰነጠቀው የመለኪያ መስታወትም ከግድግዳው አልተነሣም። ሊጫወቱ የሚመጡት ጎረምሶች ተራ ሲጠብቁ በእሱ ጸጉራቸውን ያያሉ። ጠጋኙ ቴሌቪዥኖቹን በእንጨት ሣጥን ላይ ደርድሯቸዋል፤ አውራ ጣት የበላቸውን የጌም መቆጣጠሪያ ጆይስቲኮች በብስክሌት ጎማ ቁራጭ ጠግኗቸዋል። ጎረምሶቹ ጎል ሲያገቡ ቤቱ ይናወጣል። ያን ጊዜ እትዬ ከላይ ሆነው ወለሉን በምርኩዛቸው ይደበድባሉ፤ ለትንሽ ጊዜ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ እንደገና ይጮኻል። ኑሮው ይኸው ነበር፤ መጥፎም አልነበረም።

ነገር የመጣው ከሩቅ ነው። ማጫወቻ የሚሠሩ ሁለት ትልልቅ ድርጅቶች አሉ፤ የአንዱ ሣጥን ጥቁር፣ የሌላው ነጭ ነው። ባለቤቶቻቸውን በዚያ መንገድ ላይ ያየ ሰው የለም። ሆኖም ገበያ ሲሻሙ ጠቡ እየወረደ እየወረደ እስከ ጠጋኙ ደጃፍ ደረሰ። ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባል የለ? በመጀመሪያ የደረሱት የጥቁሩ ሰዎች ናቸው። በሩ ላይ ሥዕል ከተሳለበት መኪና ወርደው ወደ ጠጋኙ ክፍል አንገታቸውን አስገቡ፤ የእንጨት ሣጥኖቹን አዩ፤ ተንሾካሾኩ፤ መንገዱን ተሻገሩ። አዲሱን ማጫወቻና የበር ያህል የሚሰፋውን ቴሌቪዥን ለባለ መስታወቱ ሰጡት። ባለ መስታወቱ ማለት ፊት ለፊት፣ ከላይ እስከ ታች መስታወት በሆነ ቤት ጌም ቤት የከፈተ፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብለጨልጭ ወጣት ነው።

ጎረምሶቹ ጥሬ እንዳየ ርግብ ተነሥተው ሄዱ። አንዱ ብቻ ሲወጣ አፍሮ፣ «ቅር አይበልህ ጋሼ፤ እዚያኛው ላይ የተጫዋቹ ላብ ሳይቀር ይታያል» አለው።

«ላብ ማየት ከፈለግህ እኔን እየኝ» አለ ጠጋኙ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ዝናቡም በዚያው ሰሞን ጀመረ። አንድ ቀን እትዬ ምርኩዛቸውን ይዘው ደረጃውን ወረዱ።

«ታመሃል እንዴ?»

«ደህና ነኝ እትዬ።»

«ታዲያ ቤቱ ምነው? ስትጮኹ እበሳጭ ነበር፤ ዝም ስትሉ ደግሞ ባሌ የሞተ ሰሞን እየመሰለኝ ተቸገርኩ።» ባዶዎቹን ቴሌቪዥኖች በዓይናቸው ቃኙ። «ጅምላ ነጋዴው ክፍሉን ለዕቃ ማስቀመጫ ጠይቆኛል። ቤቴን ከካርቶን ይልቅ ለሰው ባከራይ እወዳለሁ። አንተ ግን ሰው የለህም። ዝናቡ እስኪያባራ ልታገሥህ። ክረምቱ ሲወጣም እንዲህ ከሆነ አትቀየመኝ።»

ጠጋኙ አንገቱን ደፋ። ሌላ ክፍል የሚይዝበት አቅም አልነበረውም። ከዚህ ከወጣ የሚጠብቀው የወንድሙ መጋዘን በር ላይ ዘበኛ ሆኖ መቀመጥ ነው፤ ሙያውም በአንድ ዕድሜ ሁለት ጊዜ እጁ ላይ ሊሞት ነው።

የነጩ ወኪል የመጣችው በዚህ መሐል ነው። የረጠበ ጃንጥላና አንድ ካርቶን የያዘች ወጣት ናት።

«ምን ልትሸጪልኝ ነው?» አላት፣ ሰላምታዋን ሳትጨርስ።

«ምንም። ይህን ማጫወቻ ላውስዎት ነው።»

ነጋዴ በነፃ የሚሰጠውን ዕቃ ገመዱ እስኪታይ ድረስ መመርመር ይገባል። ጠጋኙም ነጩን ሣጥን ገለበጠው፤ ጎኑን አየ፤ ሆዱን አየ።

«ምን እየፈለጉ ነው?»

«መያዣውን።»

«መያዣ የለውም እኮ፤ እንዲሁ በሁለት እጅ ነው የሚያዘው።»

«የለም ልጄ። ነገር ሁሉ መያዣ አለው።»

ልጅቷ ሳቀችና ተቀመጠች። «ይሁን፤ መያዣውን ልንገርዎት። ጥቁሮቹ ጎረምሶቹን ይዘዋል። ከእነሱ ጋር ጎረምሳ ብንሻማ ሁለታችንም ደክመን እንቀራለን። ስለዚህ የእኛ ሰዎች ጌም ነክቶ የማያውቅ ሰው እንፈልግ ብለዋል። እናት፣ አባት፣ ጡረተኛ። ክረምቱ ሲወጣ ተመልሼ እመጣለሁ። እንደዚህ ያሉ ሰዎች እዚህ ሲጫወቱ ካገኘሁ ሣጥኑ የእርስዎ ነው። ካላገኘሁ ለሌላ ቤት ይሄዳል።»

«ጡረተኛ ጌም ምን ያደርግለታል?»

«ይህን ዱላ ይያዙትና ያዩታል።»

እንደ ባትሪ የመሰለች አጭር ዱላ ሰጠችው። የሚጫኑት ቁልፍ አልነበረም፤ እጅን ወርወር ሲያደርጉ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ትንሽ ሰውዬ ኳስ ይመታል። ጠጋኙ አንድ ጊዜ ወረወረ፤ መታ። ፊቱን ቋጥሮ መለሰላት፤ ግን እጁ ደስ ብሎት ነበር።

ልጅቷ በር ላይ የሚለጠፍ ሥዕልም ትታለት ሄደች። ሽበታም ባልና ሚስት ዱላ ይዘው፣ ነጫጭ ጥርሳቸውን አሳይተው ይስቃሉ። «ይህን ጥርስ አይቶ የሚገባ የጥርስ ሐኪም ብቻ ነው» አለና ጠቅልሎ አስቀመጠው። ማስታወቂያውን ራሱ ሊጽፍ ቆረጠ። ሲያስበው ዋለ። «ተጫወቱ» ቢል ለልጅ የሚባል ይሆናል፤ ታላቅን በአንቱታ መጥራት ይገባል። ሽማግሌ ቆሞ መዋል እንደማይችልም አስታወሰ። ቀለምና ብሩሽ አምጥቶ ከበሩ በላይ በትልልቅ ፊደል ጻፈው፦

ታላላቆቻችን፣ ገብተው
ቁጭ ብለው ይጫወቱ

ወንበሮች ከዳቦ ቤቱ ለምኖ በግድግዳው ዙሪያ ደረደረ። ሚስቱ መንገዱ ላይ ቆማ አነበበችው። «አምሯል። እኔ ራሴ ልግባ ልግባ አለኝ» አለች።

በመጀመሪያ የመጡት ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ጃንጥላቸውን በር ላይ አራገፉ።

«ጠጋኙ! የጻፍከውን አይቼ ደስ አለኝ። በዚህ ዘመን ሰው ሰውን ግባና ተጫወት ይላል?»

«ኧረ ይግቡ ጋሼ፤ ይጫወቱ!» አለና ዱላዋን በሁለት እጁ አቀበላቸው።

ሹፌሩ ተቀበሏት፤ ወደ ጣሪያው አነጣጥረው ሊያበሯት ሞከሩ። «ባትሪህ አይሠራም፤ ጠግነው» ብለው መለሱለት። ከዚያ ወንበራቸውን ጎትተው፣ ብርሃኑ ዓይናቸውን እንዳይወጋ ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው ተቀመጡ። «እህስ! ምን አዲስ ነገር አለ?»

ጠጋኙ ያን ጊዜ ገባው። ያን «ባለ ጌም» የሚለውን ቃል እንዲያ ሲጠነቀቅለት ኖሮ፣ «ይጫወቱ» የሚለው ቃል ግን ከእጁ አምልጦታል። በአንቱታ «ቁጭ ብለው ይጫወቱ» የተባለ ትልቅ ሰው ወሬ ይጀምራል እንጂ ኳስ ይመታል እንዴ?

በማግሥቱ ሹፌሩ ጡረተኛዋን አዋላጅ ይዘው መጡ። አዋላጇ የሰፈሩን እኩሌታ በእጃቸው የተቀበሉ ናቸው፤ ስለዚህ ማንንም አይፈሩም። በሦስተኛው ቀን እትዬ ሊቆጣጠሩ ወረዱና እሳቸውም እዚያው ቀሩ። ዝናቡ በደጁ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሦስቱ ያወራሉ፣ ይቀላለዳሉ፣ ያረጀ ጠብ ያነሣሉ። ከጀርባቸው በቴሌቪዥኑ ውስጥ ትንሹ ሰውዬ መምቻውን ይዞ፣ ከአንድ እግሩ ወደ ሌላው እየተወዛወዘ ኳሱን ይጠብቃል። ጠጋኙም አብሮት ይጠብቃል።

ባለ መስታወቱ መንገዱን ተሻግሮ በሩ ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ ጌም ቤትህን የጡረተኛ ማኅበር አደረግኸው እንዴ?»

አዋላጇ ዞር ብለው አዩት። «አንተ! ስትወለድ በእግርህ ነበር የመጣኸው፤ ያቃናሁህ እኔ ነኝ። አሁንም በእግርህ መጣህ፤ በዚያው ተመለስ።»

ልጁ ጫማውን አይቶ ተመለሰ። ሹፌሩ እስኪያስላቸው ሳቁ። ጠጋኙም ሳቀ፤ ግን ወሬ ኪራይ አይከፍልም። ዝናቡ ደግሞ እየሣሣ መጥቷል።

«ንገራቸው» አለችው ሚስቱ።

«ምን ብዬ? 'የጠራኋችሁ ለዚህ አልነበረም' ልበል? ነውር አይደለም?»

«'ባለጌም ነኝ' በላቸው፤ ይገባቸዋል።»

ለመናገር አፉ እምቢ አለው። ስለዚህ ተንኮል የሌለበት የመሰለውን መንገድ መረጠ፤ «ይጫወቱ» ከሚለው ቃል ፊት «ጌም» የሚል ሊጨምርበት አሰበ። ማንም ሳይቀየም፣ ቃሉ ራሱ ይንገራቸው። አንድ ማለዳ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ መሰላል አቁሞ ወጣ። «ጌ»ን ጽፎ ብሩሹን ሲነክር፣ እትዬ ከሹፌሩና ከአዋላጇ ጋር ከታች ቆመው አገኛቸው።

«ምን ትጨምራለህ?» አሉት እትዬ።

ዋሽቶ ማለፍ ይችል ነበር፤ ግን አልዋሸም። ስለ ነጩ ሣጥን፣ ስለ ወኪሏ፣ ስለ ቃሉ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ነገራቸው። ሲናገር ነገሩ ከአሰበው በላይ ከፋ።

እትዬ ቀና ብለው ጽሑፉን አዩ። «ለካ እኛን አልጠራኸንም።»

«እትዬ፣ እንደሱ ለማለት ሳይሆን...»

«ክረምቱን ሙሉ ያልተጠራንበት ገብተን ስንለፈልፍ፣ አንተ ደግሞ አፍረህ ስታየን! ምነው በመጀመሪያው ቀን ብትነግረን?» ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አንድ ጊዜ መትተው ደረጃቸውን ወጡ። ሹፌሩ ኮፍያቸውን አስተካክለው በዚህ ሄዱ፤ አዋላጇ በዚያ።

በማግሥቱ ማንም አልመጣም። ጠጋኙ በወንበሮቹ መሐል ተቀመጠ። ጎረምሶቹ የሄዱ ጊዜ ጸጥታው ከጆሮው አልዘለለም ነበር፤ ይኸኛው ግን ደረቱ ድረስ ወረደ። ከሁሉ ይልቅ አንድ ነገር አላስቀምጥ አለው። እትዬ ከትናንት በስቲያ አንድ ታሪክ ጀምረው ነበር፦ አንድ ሙሽራ ኮት ሊለካ እዚሁ ክፍል ገብቶ፣ ኮቱን እንደለበሰ ወጥቶ መሮጡን፣ ባላቸውም ረጅሙን የእንጨት መለኪያ ይዘው መከተላቸውን። ታሪኩ ባላቸው ሙሽራውን ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱበት ቆሞ ቀርቷል፤ ዝናቡ አባርቶ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄዶ ነበርና።

ጠጋኙ ተነሥቶ ደረጃውን ወጣ፤ በሩን አንኳኳ። እትዬ ከፈቱ፤ ግባ አላሉትም።

«እትዬ» አለ፤ ያዘጋጀው ይቅርታ ሁሉ ጠፋበት። «ያ ሰውዬ ተያዘ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«በኮቱ የሮጠው።»

አዩት። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ላላ። «ስታዳምጥ ነበር?»

«አንዲት ቃል አላመለጠችኝም።»

«እዚህ ደረጃ ላይ ቆሜ አልነግርህም» አሉና ነጠላቸውን አነሡ። «ሹፌሩንና አዋላጇን ጥራቸው። ያንን የራስህን ጨዋታም ታሳየናለህ፤ መሰላል ላይ ያወጣህ ያለ ምክንያት አይደለም።»

ሲሰበሰቡ ጠጋኙ ዱላዋን ለእትዬ ሰጣቸው፤ እንዳትወድቅባቸውም ማሰሪያዋን ከእጃቸው አንጓ ላይ አሠረላቸው። ሦስቱም ለትንሽ ጊዜ ግራ ተጋብተው ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረው ቆሙ። ሹፌሩ ግን አላስቻላቸውም።

«ጌሙስ ይደርሳል፤ ሙሽራው ምን ሆነ?»

«አዎ! ሙሽራው!» እትዬ ዱላዋን ረሷት። «ባሌ ደረሰበት። ሰውዬው ወደ ኋላው ዞረ። ያን ጊዜ ባሌ መለኪያውን እንዲህ አነሣና...» እጃቸውን ከትከሻቸው በላይ አንሥተው በሙሉ ኃይላቸው ወረወሩት።

ቷ!

ክረምቱን ሙሉ ሲጠብቅ የኖረው ትንሹ ሰውዬ ኳሷን መታት። ኳሷም ሜዳውን አቋርጣ ሄደች፤ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ ሺህ ሕዝብ አጨበጨበ። ሦስቱም ክው ብለው ቀሩ።

«ማነው ያጨበጨበው?» አሉ እትዬ።

«ለእርስዎ ነው እትዬ። ኳስ መቱ።»

«እኔ? ማንን?»

«ድገሚው!» አሉ አዋላጇ፣ ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ እያዞሩ።

«ምኑን ልድገመው? ወሬውን ነው ኳሱን?»

«ሁለቱንም!»

እትዬ ደገሙት። ሙሽራው በተመታ ቁጥር ኳሷ ትሄዳለች። ሙሽራው በዚያን ቀን ከእውነቱ እጅግ የበዛ ዱላ ሳይቀምስ አልቀረም፤ እትዬ ኳሷ እስክትመለስላቸው እየጠበቁ ታሪኩን ያረዝሙት ነበርና። በመጨረሻ ሙሽራው ለካ የሮጠው ሊሰርቅ ሳይሆን፣ ሙሽራዋ ኮቱን ሳታየው ከተማ ልትለቅ ነው ስላሉት ኖሯል። ጠጋኙ ግድግዳውን ተደግፎ ሲያያቸው ዋለ። ጨዋታን ጨዋታ ያነሣዋል የሚባለውን በጆሮው ያውቀው ነበር፤ በዓይኑ ያየው ግን ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ወንበሮቹ ዞሩ። ሹፌሩ ሣጥኑ ውስጥ ካሉት ጨዋታዎች የመኪና ውድድሩን መረጡ። ሊጫወቱ ከመቀመጣቸው በፊት ገንዘባቸውን አወጡ፤ ጠጋኙ አልቀበልም ሲል ተቆጡ። «ያለ ትኬት ያሳፈርኩት ሰው የለም። እኔም ያለ ትኬት አልሳፈርም።» ሌሎቹም አፍረው ከፈሉ፤ ያው ሥርዓት ሆኖ ቀረ። አዋላጇ ያዋለዷቸው ሴቶች ከልጆቻቸው ጋር መጡ፤ አያቶቻቸውን ሊያዩ የመጡ ጎረምሶችም ሳቁን ሰምተው ዳር ዳር ማለት ጀመሩ።

ዝናቡ ባባራ ሰሞን ጅምላ ነጋዴው ክፍሉን ሊለካ መጣ። በሩ ላይ ሰው ተጨናንቆ ስላገኘ በትከሻ መሐል አንገቱን አስገብቶ ተጣራ።

«እትዬ! ስለ ክፍሉ ነበር...»

«ክፍሉ ሰው ይዟል» አሉ እትዬ ፊታቸውን ሳያዞሩ። በሩን ሊያሳዩት እጃቸውን ወረወር አደረጉ፤ ሳያስቡትም ነጥብ አገኙ።

ወኪሏ የደረሰችው በዚያው ሳምንት ነው። በሩ ላይ ቆማ ማስታወቂያውን አነበበች። ጠጋኙ ከመሰላሉ ሲወርድ ያላለቀው ፊደል እንዳለ ነበር።

«'ቁጭ ብለው ጌ ይጫወቱ።' 'ጌ' ምንድነው?»

«ረጅም ታሪክ ነው» አለ ጠጋኙ። «ላጠፋው ነበር፤ ከልክለውኝ ነው። ሹፌሩ 'ጌታዬ' ማለት ነው ይላሉ።»

ታሪኩን ሲነግራት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሣጥኑን እንደማትወስደው ነገረችው። «ጥቁሮቹም ለአረጋውያን የሚሆን አዲስ ዱላ እየሠሩ ነው አሉ። ወደ እርስዎም መምጣታቸው አይቀርም» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ጠጋኙ ትንሽ አሰበ። ትናንት ፊታቸውን አዙረው የሄዱ ሰዎች ነገ ስጦታ ይዘው ሲመጡ፣ በመጀመሪያ ገመዱን መፈለግ ይገባል። «ይምጡ» አለ። «ገልብጬ አየዋለሁ።»

ልጅቷ ወደ ውስጥ ዘለቀች። በቴሌቪዥኑ ላይ የመኪና ውድድር ተጀምሯል፤ የእትዬና የሹፌሩ ተራ ነው። የሹፌሩ መኪና በመንገዱ መሐል ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ምን ሆኖ ነው የቆመው?» አለች ወኪሏ በሹክሹክታ።

«ሁሌም እንደዚሁ ናቸው» አለ ጠጋኙ። «ማስቀደም ይወዳሉ።»

«እትዬ፣ ይለፉ!» አሉ ሹፌሩ፣ በባዶው እጃቸው መንገዱን እያሳዩ። «በዕድሜዬ ሰው አልገጨሁም፤ ዛሬም አልጀምርም።»

«ኧረ ንዳ አንተ ሰው! ውድድር ነው እኮ!» አሉ እትዬ፣ እየሳቁ እያለፏቸው።

«ማን እየመራ ነው?» ብላ ጠየቀች ልጅቷ።

አዋላጇ ከጎናቸው ያለውን ባዶ ወንበር ሳቡላት። «ገና ወሬው አላለቀም፤ ቁጭ በይና ተጫወቺ።»